ጉልቤን ወቅጬ ዓለም ሠራሁ

የምነግራችሁን አታምኑኝም። ሚስቴ ዘሃራ እንኳ ሁሉን በዓይኗ አይታ፣ እኔ ሳወራው «እሱ ደግሞ ያጋንናል» ትላለች። እንግዲህ ስሙ። እኔ የሐይቁ ሰይድ፣ ከጻፍኳቸው የልጆች መጻሕፍት ሁሉ ልጆች አብልጠው የወደዱትን መጽሐፍ፣ እኔው ራሴ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ ከውጫሌ እስከ ግሸን ሥር ዞሬ ከእጃቸው ሰበሰብኩት፤ በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ በሙቀጫ ወቀጥኩትና ዓለም ሠራሁበት። ዓለም ስላችሁ ዓለምን ነው። ባሕር ያላት፣ አፍሪካ ያለችባት፣ እንጨት ላይ ተሰክታ የምትዞር።

መጽሐፉን የሚገዛለት አጥቶ የሚያለቅስ ደራሲ በየአገሩ ሞልቷል። «እባካችሁ አታንብቡልኝ፣ መልሱልኝ» እያለ በየትምህርት ቤቱ ልጅ የለመነ ግን አንድ እኔ ነኝ። ይቺን ማንም አይወስድብኝም።

ባለፈው ሳምንት የምሠራበትን የትምህርት ማዕከል ቁልፍ አስረከብኩ። ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ሊሆን ነው አሉ፤ ማባዣ ማሽን የሚያዞር ሰው አያስፈልግም። «አረፍ በል ጋሽ ሰይድ» አሉኝ። ማረፍ እኮ ሙያ ነው፣ እኔ አልተማርኩትም! ሁለት ቀን ቤት ዋልኩ። በሦስተኛው ዘሃራ «ወይ ውጣ፣ ወይ ጻፍ፣ ወለሉን አትፍጨው» አለችኝ። ይኸው እጽፋለሁ። ግማሹንም የምጽፈው ቆሜ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በዘበኝነት ነው። ሐይቅ ከተማ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚባል ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ከአሮጌ ካርቶን፣ ከቆርኪ፣ ከሸምበቆ ለየትምህርት ቤቱ መርጃ መሣሪያ ይሠራበታል። እኔና ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ እሱም አልጠራኝ፣ እኔም አልተመለስኩ። ደሞዙን አትጠይቁኝ። የምፈርምበት ወረቀት ከምቀበለው ብር ይወፍር ነበር።

የማዕከሉ ኃላፊ ጋሽ ይመር ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ። ሲስቁ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም፤ እኔን የመሰለ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ! አንድ ቀን በር ላይ ሆኜ የተጣለ የፈተና ወረቀት ሳነብ አገኙኝና፣ «ዓይንህ ወረቀት ይወዳል። ና፣ እጅህም ይልመድ» ብለው ማባዣ ማሽኑን አስያዙኝ።

በዚያ ጊዜ ሥዕልም ጽሕፈትም ስቴንስል በምትባል ስስ ወረቀት ላይ በሹል ብረት ይጫር ነበር። ክብ ከሣላችሁ ክቡ ተቀዶ ይወድቅና ቀለሙ ይፈስሳል። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች ሁሉ ዓይናቸው አራት ማዕዘን የሆነው ለዚህ ነው። በኋላ አንድ መምህር «እንዴት ያለ የራስህ አሣሣል ነው!» ሲሉኝ፣ «አስቤበት ነው» አልኳቸው።

የመጀመሪያ ተረቴን በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት። ሐይቁ ውስጥ የሚኖር አንድ አምባዛ የሚባል ዓሣ በጢሙ ያፍርና ፀጉር ቆራጭ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወጣል። ለጋሽ ይመር ሰጠኋቸው።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኛ ጋሼ!»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«አንድ ከሰዓት!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ያስታውቃል» አሉኝ።

በማግሥቱ ይዘውኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄዱ። «አንብብላቸው» አሉኝና ወንበር ስበው፣ ጀርባቸውን ለልጆቹ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። እርሳስና ወረቀት ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ በዚህ በኩል ናቸው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አንብብ።»

አነበብኩ። ልጁ ሁሉ ሳቀ። እኔ በደስታ ኮርኒስ ነክቻለሁ። ስንወጣ ወረቀታቸውን አሳዩኝ፤ ነጥብ በነጥብ ሆኗል።

«ይኼ ምንድነው?»

«አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ ባለ ቁጥር አንድ ነጥብ። ልጅ ፊትህን እያየ ሊስቅልህ ይችላል፤ አንተ እንድትደሰት ብሎ። ቂጡ ግን ሲሰለቸው ይነቃነቃል። ነጥቡ የበዛበትን ገጽ አውጣው።»

ይኸው ነበር የእሳቸው ሚዛን። ከዚያ መቀስ ያነሱና ያልተፈለገውን ቃል ከወረቀቴ ላይ ቆርጠው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይከታሉ። ቀፎው ሲሞላ ይሰጡኛል። «እንካ፣ ኩራትህን ያዝ» ይላሉ። የሞሉ ቀፎዎች ነበሩኝ፤ ዘሃራ ቁጥራቸውን አይታ፣ ጎረቤት ቤተሰቡ ሁሉ ሲጃራ አጫሽ ነው እንዳይል ብላ ደበቀቻቸው።

ሦስተኛው ልማዳቸው ከሁሉ ያደክማል። ተረት ከተነበበ በኋላ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ከኋላ ከኋላቸው ይከተሉ ነበር፣ እኔን እየጎተቱ። «መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ሳታይ አለቀ አትበል» ይሉኛል። የአምባዛውን ተረት ያነበብን ቀን ተከተልን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ አንዱ የፀጉር ቆራጭ ጨዋታ ሲጫወት የእህቱን ጉንጉን ከሥሩ ቆርጦ ይዞ ቆሟል። እናትየው መጣች። ያን ዕለት ያመለጥኩት በእግሬ ፍጥነት ነው፤ ጋሽ ይመር ግን ቆመው ሲሰደቡ ቆዩ። ሲመጡ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መቀሱን አውጣው። ልጁ የሚነካው አንተ ያሳመርክለትን ነው።»

መቀሱን አወጣሁ። አምባዛው ጢሙን ወድዶ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። ይኼ መጽሐፍ በኋላ ታተመልኝ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ያስተማረኝ ኮሌጅ ያ የጋሽ ይመር ጀርባ ነው።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ሁሉም ሰው ተናጋሪ ሆነ፤ እኔማ ድሮም ነበርኩ። ኃላፊዎቹ ግን እንደ ባጃጅ ተሳፋሪ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንዱ «ስለ ተስፋ ጻፍ» ይለኛል፤ ተስፋውን ስቴንስል ላይ ጭሬ ሳልጨርስ እሱ ተነሥቶ ሌላው ይተካል። አንደኛው አምባዛዬን ግራ ቀኝ አገላብጦ አየና፣

«ይኼ ዓሣ ጢሙን ያስረዘመው የማንን ወገን ለመምሰል ነው?» አለኝ።

«ወላሂ ጌታዬ፣ ሐይቁን ይጠይቁት፤ እኔ ያገኘሁት እንዲሁ ነው።»

ያኔ ሳቅንበት። ጥያቄው ግን ከዓሣ ወደ ሰው ሲሄድ ጊዜ አልፈጀበትም።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ከተማው በእግሩ ተነሣ። እኔና ዘሃራ ፍራሽ ተሸክመን ጋሽ ይመር ቤት ቆምን። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ መራመድ አቅቷቸዋል።

«እኔ የትም አልሄድም» አሉ። «እናንተ ሂዱ።»

«ጋሼ፣ አዝልዎታለሁ።»

«አንተ ቀልድህን እንኳ ተሸክመህ አልጨረስክም» አሉና እጄ ላይ አንድ ክብሪት ቀፎ አኖሩ። ከፈትኩት፤ ባዶ ነው።

«ምንም የለበትም እኮ።»

«ከእንግዲህ ራስህ ሙላው።»

ስንመለስ የሉም። መድኃኒታቸው አልቆ ነው ያለፉት፣ አላህ ይማራቸው። ማዕከሉ ተከፍቶ ሜዳ ሆኗል። ማሽኑ ተገልብጦ ቀለሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። ክብሪት ቀፎዋ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች።

አሁን ወደ ጉልቤ መጣሁ።

ተኩሱ ካለፈ በኋላ ማሳው፣ ቦዩ፣ የግንቡ ሥር ሁሉ ያልፈነዳ ብረት ሆነ። አንድ የእርዳታ ቢሮ ሰው ላከብኝ። «ልጆች የወደቀ ጥይትና ቦምብ እንዳይነኩ የሚያስተምር መጽሐፍ በአስቸኳይ ጻፍልን» አለ። «ለመቼ?» አልኩት። «ለዛሬ ወር።» «ለሐሙስ አደርስልሃለሁ!» አልኩት። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

ጉልቤን ወለድኩት። ጉልቤ የማሽላ ማሳ ዳር የወደቀ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጉንጩ ቀይ፣ ኩርፊያ የሚወድ የሞርታር ጥይት ነው። ልጆች ሲያልፉ «ሂዱልኝ! ከነካችሁኝ እቆጣለሁ!» ይላል። ሲሄዱለት ደግሞ ብቻውን ሆኖ ያለቅሳል። ክብ ዓይን ሣልኩለት፤ አሁን ስቴንስል የለም፣ ማን ይከለክለኛል! ትርጉሙ ግልጽ ነው ብዬ አሰብኩ፦ ቁጡ ነው፣ አትንኩት።

ለልጆች ሳነበው ጀርባዬን አልሰጠሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲስቁ ማየት ናፍቆኝ ነበር። ስንት ወር ሙሉ የሚስቅ ልጅ አላየንም እኮ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ እንደ ጉልቤ ሆዴን ነፍቼ አነበብኩ፤ እየተንከባለሉ ሳቁ። ወደ ቤታቸውም አልተከተልኳቸውም። እግሬ ደክሞት አይደለም። ጋሽ ይመር ስለሌሉ ጎታች አልነበረኝም፤ እኔም ከእንግዲህ የሚያርመኝ የለም ብዬ ነው።

መጽሐፉ ታተመ፤ ለሐይቅና ለአምባሰል ትምህርት ቤቶች ታደለ። በየሄድኩበት «ጉልቤ መጣ!» ይሉኛል። ኧረ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ውጫሌ አጠገብ ካለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ መምህርት መሬም «ልጆቹ ደራሲውን ማየት ይፈልጋሉ» ብላ ጠራችኝ። ሸሚዜን አስተኩሼ ሄድኩ።

ሆዴን ነፍቼ አንድ ገጽ እንዳነበብኩ፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ትርንጎ ትባላለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና አልበቀለም።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ጉልቤን አምጥቼዋለሁ።»

«ጎበዝ! ሥዕሉን ነው?»

«አይ። ራሱን።»

ከእግሯ ሥር ካስቀመጠችው የጨርቅ ቦርሳ በእናቷ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይታያል። ጫፉ ብረት ነው።

ወንድሞቼ፣ እኔ ለሁሉ ነገር ቀልድ አለኝ። ለቀብር እንኳ አለኝ። ያን ጊዜ ግን መጽሐፉን ዘጋሁ።

መምህርት መሬም ግን ሴት ወይዘሮ! ድምፅዋን ሳትቀይር «ልጆች፣ ዛሬ ሰልፍ እንለማመዳለን። ደብተር አትንኩ። ከኋላ ያላችሁ ቀድማችሁ፣ በቀስታ» አለች። እንደ ዓርብ ሰልፍ እየዘመሩ ወጡ። ትርንጎ አልተነሣችም።

«ትርንጎ፣ የኔ እናት፣ ነይ እንውጣ» አልኳት፤ ከዚያ ከቆምኩበት።

«እሱስ?»

«እሱ እዚህ ይቆይ።»

«ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል።»

«አያለቅስም።»

«ያለቅሳል። ስድስተኛው ገጽ ላይ አለ። እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

መሬም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ልጅቷን ልጎትታት ብል እግሯ ቦርሳውን ይነካል። በቀስታ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አግዳሚው ሲጢጥ አለ፤ ወላሂ፣ ያን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

«ትርንጎ፣ ስሚኝ። ዋሽቼሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አያለቅስም፣ አይቆጣም፣ አያኮርፍም። ስምም የለው። ብረት ነው። ውስጡ እሳት አለ። ማንንም አያውቅም፤ አንቺንም አያውቅሽም።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«እንድትስቂ ብዬ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔን በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ነጠላው የእማዬ ነው፣ ትቆጣኛለች» አለች።

«እኔ ሌላ እገዛላታለሁ። አሁን እግርሽን ወደ እኔ በኩል አንሺ። አንዱን። ጎሽ። ሌላውን።»

እጇን ይዤ ወጣን። ደጅ ስንደርስ መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጆቹ የጉልቤን አወዳደቅ የማሳይ መስሏቸው ሳቁ።

በማግሥቱ ባለሙያዎች መጥተው ያን ነገር ገደሉ ውስጥ አፈነዱት። ተራራው ድምፁን እየደጋገመ መለሰው። ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት፣ «ከማሽላው ዳር። መጽሐፉ ላይ ካለበት» አለች።

ቢሮው ሄድኩና መጽሐፉ ይሰብሰብ አልኩ። «እንዴት? በጣም ተወዷል እኮ! ሁለተኛ ዕትም ልናዝዝ ነው» አለኝ ያ ሰው። «በጣም መወደዱ ነው ችግሩ» አልኩት። «ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚያ ግን መልሱን ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት አንጀት አልነበረኝም። እያንዳንዷ ቅጂ አንዲት ትርንጎ ይዛ የምትዞር መሰለኝ። አምባዛዎቼን በጆንያ ጭኜ፣ አንዱን በአንዱ ልለውጥ ወጣሁ።

አገሩን በባጃጅና በእግር አዳረስኩት። ልጆቹ ግን ነጋዴ ናቸው!

«አንድ ጉልቤ በአንድ አምባዛ አይሆንም። በሁለት ነው።»

«አንተ፣ ማን አስተማረህ?»

«ጉልቤ ያስቃል። ያንተ ዓሣ ያረጀ ነው።»

ግሸን ሥር አንድ ገበሬ በራቸው ላይ ቆመው አላስገባ አሉኝ። «ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል ዞሮበት ኖሮ በዚህ መጽሐፍ ነው ማንበብ የጀመረው። አንተ ማነህ የምትቀማው?»

«ደራሲው ነኝ አባቴ።»

«ደራሲ አትመስልም።»

«ለራሴም አልመስልም» አልኳቸው። የትርንጎን ነገር ስነግራቸው ከበሩ ዘወር አሉ። ገቡና መጽሐፉን አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከዚያ የባሰ ሽልማት ተቀብዬ አላውቅም።

የመጨረሻዋ ቅጂ ትርንጎ ጋ ነበረች። ሄድኩ። አልሰጥም አለች።

«ሦስት አምባዛ!» አልኳት።

«እኔ አስተካክዬዋለሁ» አለችና ገልጣ አሳየችኝ።

በያንዳንዱ ገጽ ላይ የጉልቤን ዓይን፣ አፍና ቀይ ጉንጭ በከሰል አጥቁራዋለች። ፊት የለውም። ስሙም በተጻፈበት ሁሉ ተሰርዟል። የቀረው ማሳ ዳር የወደቀ ብረት ነው፤ አጠገቡ ያሉት ልጆች ብቻ ዓይን አላቸው።

«ዓይን ስለሣሉለት እኮ ነው ሰው የመሰለኝ» አለችኝ።

ከአምባሰል እስከ ሐይቅ ያን ቃል እየደገምኩ ሄድኩ። ማዕከሉ ስገባ መቀስ አነሣሁ። ከመጽሐፌ ላይ ጉልቤ የሚለውን ቆረጥኩ። እንባውን ቆረጥኩ። ቀልዶቼን አንድ በአንድ ቆረጥኩ፤ አንዳንዶቹ እኮ ወላሂ ጥሩ ነበሩ! የጋሽ ይመር ባዶ ቀፎ ጢም ብላ ሞላች። አዲሱ መጽሐፍ ስድስት መስመር ሆነ፦ ብረት አየሽ፣ ቁሚ። አትንኪ። በመጣሽበት ዱካ ተመለሺ። ለሰው ንገሪ። ሌላ ልጅ አታሳልፊ። ጨርሰሻል። ሥዕሉ ላይ ብረቱ ፊት የለውም፤ ልጅቷ ግን የፊት ጥርሷ ወልቋል።

መሬም ክፍል ሄጄ ወንበር ሳብኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ያነበበችው ራሷ ትርንጎ ናት። አንድ ነጥብ አላኖርኩም። ማንም አልሳቀም። በዕድሜዬ ሙሉ ልጅ ፊት ሳያስቅ ያለፈ መጽሐፍ አቅርቤ አላውቅም።

ከዚያ በመከተል ፈንታ ቀደምኳቸው። መንገዱ ላይ ቀድሜ አንድ የዛገ የዘይት ቆርቆሮ ጥዬ ቁልቋል ጀርባ ተደብቄያለሁ፤ ይኼን ያህል ገላ ይዤ! መጡ። የፊተኛዋ ቆመች። እጇን ዘርግታ ሌሎቹን አስቆመች። በዱካቸው ወደ ኋላ ተመለሱና፣ «ሰው! ሰው! ኧረ ሰው!» ብለው ጮኹ። ሰው ሆኜ ወጣሁ። እሾሁ ሸሚዜን ቀዶታል፣ እኔም እያለቀስኩ ነበር። ትርንጎ ቆርቆሮውን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «እርስዎ ነዎት የጣሉት፤ ያስታውቃል» አለችኝ።

ጉልቤዎቹን ምን ላድርጋቸው? ማቃጠል አሁንም ጭስ ያስነሣል፣ ሰው ይደነግጣል። ዘፈዘፍኳቸው። ሦስት ቀን ውኃ ከጠጡ በኋላ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በዱቄት ሙጫ ለውሼ፣ በተነፋ ኳስ ላይ ለጠፍኩ። ሲደርቅ ኳሱን አስተንፍሼ አወጣሁ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀባሁ። ጦርነቱ ሉላቸውን ለሰበረባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንዳንድ ዓለም ደረሳቸው። ትንሽ ጠመም ይላሉ፤ ዓለምስ?

አላመናችሁም አይደል? ውጫሌ ሂዱ። ሉሉን አንኳኩት፤ ውስጡ የኔ ቀልድ ነው። መምህርት መሬምን ጠይቁ። ነጠላ የገዛሁላትን እናትም ጠይቁ፤ «ከበፊቱ ይሳሳል» ትላችኋለች። ትርንጎ ዓይን የሌለውን ቅጂዋን ታሳያችኋለች፣ አትሰጣችሁም እንጂ። ከዚያ የትኛውንም ልጅ መንገድ ላይ አስቁማችሁ «ማሳ ዳር አንድ የሚያምር ብረት አየሁ» በሉት። ከሳቀ እኔ ውሸታም ነኝ።